ሁለት ዓመት የሚባለው ዲግሪ፦ የመተንፈስ ሕክምና ትምህርትና የሚጠይቀው ነገር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከጤና ጋር የተያያዘ ትምህርት ለመጀመር ሲያስብ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ነርሲንግ ነው። የነርሲንግ ወረፋ ሲረዝምበት ወይም የመግቢያ ፈተናው ሲከብደው ደግሞ ሁለተኛ ምክር ይከተላል፤ «ሬስፒራቶሪ (የመተንፈስ ሕክምና) ግባ፤ ሁለት ዓመት ነው፤ ደመወዙም ጥሩ ነው» ይሉታል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ቅን ናቸው፤ የሚናገሩትም ከእውነት የራቀ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደመዘገበው በ2023 የአንድ የመተንፈስ ሕክምና ባለሙያ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 77,960 ዶላር ነበር። ቢሮው ከ2023 እስከ 2033 ባሉት ዓመታት የሥራ መደቡ በ13 በመቶ እንደሚያድግ ገምቷል፤ ይህም ከሌሎች ሙያዎች አማካይ ዕድገት በእጅጉ የፈጠነ ነው። ወደ ሙያው ለመግባት የሚጠየቀው ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃም የሁለት ዓመቱ አሶሺየት ዲግሪ ነው።

ከዚህ ምክር የጎደለው ትምህርቱ ራሱ ነው። ብዙዎች ሙያውን የኦክስጅን ጭምብል የማጥለቅና የመሣሪያ ቁልፍ የመጫን ሥራ አድርገው ስለሚያስቡት፣ ገና በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የጋዝ ግፊት ሕጎች፣ የደም የአሲድ ሚዛን፣ የልብና የሳንባ ዝምድና ሲደራረቡባቸው ይደነግጣሉ። ተቋቁመው የሚዘልቁት ብዙ ናቸው። የቤተሰብ ኃላፊነትና የሙሉ ጊዜ ሥራ ተጭኗቸው፣ የትምህርት ብድር ተሸክመው የሚያቋርጡም አሉ። ይህ ሊደርስባቸው አይገባም ነበር። ዲግሪው በብርቱ ሊመከር የሚገባው ዲግሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አጭር ነው ተብሎ ሲመረጥ ግን ተማሪውንም ሙያውንም ይጎዳል። በሌላ ሰው ትንፋሽ ላይ በየሰዓቱ የሚወሰን ውሳኔ መሸከም የሚያስፈልግበት ሥራ ስለሆነ፣ ይህንን አስቀድሞ አውቆ የሚገባ ሰው ይፈልጋል።

ውሳኔው ምን እንደሚመስል በአንድ ቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሳንባው በከባድ ኢንፌክሽን ተጎድቶ ፈሳሽ የሞላበት ሕመምተኛ በራሱ መተንፈስ ሲያቅተው፣ በአየር ቧንቧው ቱቦ ገብቶለት ቬንቲሌተር ከሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። መሣሪያው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል አየር ይስጠው? ለብዙ ዓመታት የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነበር። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የጋራ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 861 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በ12፣ ሌላውን በ6 ሚሊ ሊትር አስተነፈሰ። ከፍተኛውን መጠን ካገኙት 39.8 በመቶ፣ ዝቅተኛውን ካገኙት 31 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ አስቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ከመቶ ሰዎች የዘጠኙ ሕይወት የተንጠለጠለው መሣሪያው ላይ በተሞላው ቁጥር ላይ ነበር፤ ብዙ አየር በተጎዳ ሳንባ ውስጥ ሲገፋ የቀሩትን ጤነኛ የአየር ከረጢቶች እየወጠረ ያቆስላቸዋልና።

ስሌቱም የራሱ ወጥመድ አለው። እዚህ ላይ ክብደት የሚባለው ሚዛን የሚያሳየው ክብደት አይደለም። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም፤ የሳንባ ስፋት የሚከተለው ቁመትንና ጾታን ነው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ በቀመሩ የሚሰላለት ክብደት 66 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ በ6 ሚሊ ሊትር ሲባዛ ወደ 396 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ይኸው ሰው ሚዛን ላይ 100 ኪሎ ቢመዝንና በዚያ ቢሰላለት ግን 600 ሚሊ ሊትር ይሞላበታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕመምተኛውን ቁመት በሜትር ለክቶ ይህንን ስሕተት የሚያርመው የመተንፈስ ሕክምና ባለሙያው ነው። ትእዛዝ የሚጽፈው ሐኪሙ ቢሆንም፣ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በጸደቀ የአሠራር መመሪያ መሠረት መጠኑን የሚያስተካክለው፣ ሕመምተኛው ከመሣሪያው ለመላቀቅ መድረስ አለመድረሱን በየጠዋቱ የሚፈትነው፣ ማንቂያው ሲጮህ ከቀዳሚዎቹ ጋር አልጋው አጠገብ የሚገኘው እሱ ወይም እሷ ናት።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ብሌግዳም ሆስፒታል የነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ሰባት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በእነሱ ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የሰመመን ሐኪም ሕመምተኞቹ የሚሞቱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ተጠራቅሞ እንደሆነ ተረዳ፤ ሌሎቹ ሐኪሞች ግን ያንኑ የደም ምርመራ ውጤት በሌላ መንገድ ያነቡት ነበር። አንገት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ በጎማ ከረጢት አየር በእጅ እንዲገፋ አደረገ። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ለሳምንታት ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ፤ ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የሞት መጠንም ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ሕመምተኞቹን ያተረፋቸው የደሙን ቁጥር በትክክል ያነበበ አእምሮና ሌሊቱን ሙሉ ያልደከመ እጅ ነው። በአሜሪካ ሙያው በማኅበር የተደራጀው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1947 ቺካጎ ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ዋና ተግባር የኦክስጅን ሲሊንደር ከክፍል ክፍል ማመላለስ ነበር። ዛሬም ድረስ ሙያውን በዚያ ዘመን ዓይን የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ የምክሩም ችግር ከዚህ ይመነጫል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። የሙያ ኮርሶቹ ከመጀመራቸው በፊት ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ትምህርቶች አሉ፤ የሰውነት አካላትና አሠራር ጥናት በሁለት ክፍል፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የኮሌጅ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ዝርዝሩ ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም እነዚህ ብቻቸውን ከሁለት እስከ ሦስት መንፈቀ ዓመት ሊወስዱ ይችላሉ፤ እንግሊዝኛን ከመሠረቱ ማጠናከር ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከዚያም ይረዝማሉ። ሁለት ዓመት የሚባለው ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው ነው። ስለዚህ ከዜሮ የሚነሳ ሰው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አራት ብሎ ቢያቅድ ከብዙ ብስጭት ይድናል። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የስፕሪንግፊልድ የሕክምና ካምፓስ፣ በሜሪላንድ የፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ፣ በአትላንታ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን የሚያስተምሩት በባችለር ደረጃ ነው፤ ሁሉም ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው አካባቢዎች የሚገኙ መሆናቸውም መልካም አጋጣሚ ነው።

ከባዱ ነገር ግን የተግባር ልምምዱ ነው። ተማሪው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታትን በሆስፒታል ያሳልፋል፤ ፈረቃው ብዙውን ጊዜ ከማለዳ አንድ ሰዓት በፊት ይጀምራል፤ ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሆነ በሚቀጥለው ወር ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል፣ ከዚያም የሳንባ አቅም መለኪያ ላቦራቶሪ ይሆናል። ያለ ክፍያ ነው። ቀኑን ትምህርት፣ ሌሊቱን ታክሲ ወይም ፓርኪንግ አድርገው ለማጣመር የሚያቅዱ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱን በቁም ነገር የያዘ ቤተሰብ፣ የሙያ ኮርሶቹ በሚሰጡባቸው ሁለት ዓመታት አንደኛው ገቢ በግማሽ እንደሚቀንስ ቆጥሮ አስቀድሞ ቢቆጥብ፣ ወይም የትዳር አጋሮች በተራ ለመማር ቢስማሙ፣ ከማንኛውም ስኮላርሺፕ የማይተናነስ እርዳታ ያገኛል። ይህ ምክር ደስ አያሰኝም፤ ግን በዚህ ዕቅድ የተነሡ ሰዎች ሲመረቁ አይቻለሁ።

በልምምዱ ከሚማሯቸው ክህሎቶች ሁሉ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ አለ፤ ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ በመርፌ ደም ወስዶ ጋዙን መለካት። ውጤቱ የደሙን የአሲድ መጠን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ኦክስጅኑን ያሳያል፤ ጤነኛ የአሲድ መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ እያለ መርፌ ለምን አስፈለገ ይባል ይሆናል። በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መልስ ሰጥቶበታል። የጣቱ መሣሪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ካሳየላቸው ሕመምተኞች መካከል፣ በደም ምርመራ ሲታይ የኦክስጅን መጠናቸው በእርግጥ ከ88 በመቶ በታች የሆኑት ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ሲሆኑ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበሩ። የጠቆረ ቆዳ መሣሪያው የሚልከውን ብርሃን ስለሚያዛባ፣ የከፋ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደህና መስሎ ይታያል።

እንግዲህ አስም ያለባት ኢትዮጵያዊት እናት ድንገተኛ ክፍል ገብታ፣ የጣቱ መሣሪያ 93 አሳይቶላት፣ «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ስትል፣ አተነፋፈሷን ተመልክቶ «ደሟን እንለካ» የሚል ባለሙያ መኖር አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ይህንን ጥናት ያነበበ ማንኛውም ባለሙያ ሊያደርገው የሚገባ ነው። ቋንቋዋን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ሌላም ነገር ይሰማል፤ «ደረቴን ጨቆነኝ»፣ «ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል» ስትል በስልክ አስተርጓሚ በኩል የማያልፈውን ይረዳል። የሚነፋውን መድኃኒት እንዴት እንደምትወስድም በአማርኛ ያሳያታል፤ ቀስ ብሎ ስቦ ትንፋሽን ወደ አሥር ሰከንድ ያህል መያዝ እንደሚገባ ሳይነገራቸው ለዓመታት መድኃኒቱን ጉሮሯቸው ላይ ሲረጩ የኖሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ፈተናውና ፈቃዱን በተመለከተ ነገሩ ቀጥተኛ ነው፤ ሆኖም አንድ ስሕተት ዓመታትን ያስከፍላል። በአሜሪካ የመተንፈስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ እውቅና የሚሰጠው ኮአርክ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ኮሚሽን ነው። እሱ ካላወቀው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ብሔራዊውን የሙያ ፈተና መቀመጥ አይችልም፤ ያለ ፈተናው ደግሞ የክልል ፈቃድ የለም። ከአላስካ በስተቀር ሁሉም ክልሎች ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤንቢአርሲ የተባለው ቦርድ ሲሆን ሁለት ደረጃ አለው፤ ዝቅተኛው የሲአርቲ፣ ከፍተኛው የአርአርቲ ማዕረግ ነው። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ክልሎች ለአዲስ ፈቃድ ከፍተኛውን ይጠይቃሉ፤ በሌሎች ክልሎችም ብዙ ሆስፒታሎች ያለ እሱ አይቀጥሩም። ስለዚህ «ሲአርቲ ይበቃኛል» የሚለውን ሐሳብ ከመጀመሪያው ማውጣት ይሻላል።

ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት ሊደረግ የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ኮሚሽኑ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያወጣውን የየፕሮግራሙን ውጤት መመልከት ነው። ከገቡት ስንቶቹ ተመረቁ፣ ከተመረቁት ስንቶቹ ከፍተኛውን ማዕረግ አገኙ፣ ስንቶቹ ሥራ ያዙ የሚሉት ቁጥሮች በግልጽ ተቀምጠዋል። ከማስታወቂያ፣ ከወዳጅ ምክርም ይልቅ እነዚህ ይታመናሉ። በተለይ ለትርፍ የተቋቋሙና በፍጥነት የሚያስገቡ ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ወረፋ የለም የሚለው ቃል ብቻ ሊያማልል አይገባም። ወረፋ ያለበት ርካሽና ውጤቱ ጥሩ የሆነ ኮሌጅ፣ ወረፋ ከሌለበት ውድ ትምህርት ቤት በመጨረሻ ቀድሞ ያደርሳል።

ሁለት ዓመት ወይስ አራት ዓመት የሚለው ክርክር በሙያው ውስጥም የጦፈ ነው። የአሜሪካ የሙያ ማኅበር መግቢያው ወደ ባችለር ዲግሪ እንዲያድግ ሲወተውት ቆይቷል። በአንድ በኩል ልክ ነው፤ የሕክምናው ዕውቀት ከስልሳና ሰባ ክሬዲት አቅም በላይ ሰፍቷል፤ አብረውት የሚሠሩት ፊዚዮቴራፒስቶችና ፋርማሲስቶች የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ የሁለት ዓመት ዲግሪ የያዘ ሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ ይሰማል። በሌላ በኩል የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ በር ቢዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በሠላሳና በአርባ ዓመቱ፣ ልጆች እያሳደገ፣ ሁለተኛ ሕይወት የሚጀምር ስደተኛ ነው። የእኔ አቋም በኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ገብቶ እዚያ አለመቆም ነው። ሥራ ከተያዘ በኋላ የቀረውን በኢንተርኔት የሚያስጨርሱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በአይዳሆ የሚገኘው ቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ብዙ ሆስፒታሎችም ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ይሰጣሉ። ባችለሩ በአልጋ አጠገብ ደመወዝ ላይ የሚያመጣው ጭማሪ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ማስተማር፣ ክፍል መምራት፣ ምርምር ውስጥ መግባት ወይም ወደ ሐኪም ረዳትነት መሻገር የሚያስብ ሰው ግን ያለ እሱ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም የሰመመን ባለሙያ ሆነው ያገለገሉ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄም አለ፤ ልምዴ ይያዝልኛል ወይ? ቀጥታ አይያዝም። የትምህርት ማስረጃው በገምጋሚ ድርጅት ታይቶ አጠቃላይ ትምህርቶቹና አንዳንዴም የሳይንስ ኮርሶቹ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ የሙያ ኮርሶቹን ግን እውቅና ባለው ፕሮግራም ውስጥ መማር ግድ ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ሆኖም ሰመመን ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው በክፍል ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ ቀድሞ ይገኛል። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በአብዛኛው የአውሮፓ አገሮች ይህ ሙያ ራሱን ችሎ አይገኝም፤ ሥራው በሐኪሞች፣ በነርሶችና በፊዚዮቴራፒስቶች መካከል ተከፋፍሏል። ካናዳና ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ሙያውን በስሙ ያውቁታል። ወደ ጀርመን ወይም ስዊድን ለመዛወር የሚያስብ ሰው ዲግሪውን ይዞ ሄዶ በዚያው ስም እቀጠራለሁ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ሥራው ሸክም ብዙ አይነገርም፤ እኔ ግን ከደመወዙ በፊት ሊነገር ይገባዋል እላለሁ። ፈረቃው በአብዛኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ሌሊት ይመደባል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ተስፋ ሲቆረጥና ቤተሰብ ሲወስን፣ ቱቦውን ከሕመምተኛው ጉሮሮ የሚያወጣው፣ መሣሪያውን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የመተንፈስ ሕክምና ባለሙያው ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ውሳኔ ከባድ የሃይማኖትና የሕሊና ጥያቄ ያስነሳል። ቤተሰቡ ቄስ ወይም ሼህ እስኪመጣ እንዲጠበቅለት ይለምናል፤ ከኢትዮጵያ የሚደወለውን የታላቅ ወንድም ስልክ ይጠብቃል፤ «ማሽኑን መንቀል መግደል አይደለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያው ሐበሻ ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ «አንተ የእኛ ልጅ ነህ፤ እውነቱን ንገረን» ይሉታል። ትምህርት ቤት ለዚህ የሚያዘጋጀው በጥቂቱ ነው። ባለሙያው የሕክምናውን ማብራሪያ ለሐኪሙ ትቶ፣ ቤተሰቡ ጥያቄውን ለሐኪሙ እንዲያቀርብ በመርዳትና ሕመምተኛው እንዳይጨነቅ የሚደረግለትን በግልጽ በመንገር ሊወሰን ይገባዋል፤ በዘመድ ስሜት የውሳኔው ተካፋይ ከሆነ ሸክሙን ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ወደ ሙያው የሚገቡ ልጆቻችን ይህንን ከመጀመሪያው ቢያውቁት፣ የሚያማክሩት ቀዳሚ ባለሙያም ቢኖራቸው እመኛለሁ።

ከአገራችን ጋር ያለውን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ማርች 13 ቀን 2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለሕክምናው ተመደበ፤ ቆየት ብሎም ሚሌኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተቀየረ። የዚያን ጊዜ የሁሉም ጥያቄ ስንት ቬንቲሌተር አለን የሚል ነበር። ማን ይሞላዋል፣ ማን ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተሰማም። ሸክሙን የተሸከሙት የሰመመን ባለሙያዎች፣ የጽኑ ሕሙማን ነርሶችና ሐኪሞች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ቀደም ብለው የተጀመሩ መልካም ሥራዎችም ነበሩ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2013 ጀምሮ የሳንባና የጽኑ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞች በአገር ውስጥ ሠልጥነዋል፤ ጤና ሚኒስቴርም ከ2016 እስከ 2021 የሚዘልቅ የሕክምና ኦክስጅን ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። ስፔሻሊስቱ ሐኪምና የኦክስጅኑ ሲሊንደር እየተገኙ በመካከላቸው ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ የሚቆመው ባለሙያ ግን በአንድ ወጥ ሥልጠናና በራሱ የሥራ መደብ ገና በስፋት አልቆመም።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ በ2009 ደግሞ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀምራ፣ ሐኪም ባልደረሰበት ቦታ ሥራው እንዲሠራ አድርጋለች። አዲስ የሙያ ዘርፍ ማቆም የምታውቅበት አገር ናት።

ነገር ግን የአሜሪካውን ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ ተርጉሞ ማስገባት አያዋጣም። ለምሳሌ መጽሐፎቹ ውስጥ ያለው ጤነኛ የደም ኦክስጅን መጠን፣ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 760 መሆኑ ቀርቶ 580 ገደማ ነው። ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ መሆኑ አይለወጥም፤ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት ግን የውኃ ትነቱ 47 ሲቀነስለት በባሕር ጠለል 150፣ በአዲስ አበባ 112 ይሆናል። አንድ አራተኛው በከፍታው ምክንያት ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ያለ ጤነኛ ሰው በባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ሲለካ የታመመ ይመስላል፤ በጋምቤላና በአፋር ቆላ የተለካ ተመሳሳይ ቁጥር ደግሞ እውነተኛ አደጋ ሊሆን ይችላል። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ኦክስጅን ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይቆየው የሚለውን ውሳኔ የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሲሊንደር በሚቆጠርበት ሆስፒታል የዚህ ስሕተት ዋጋ ከባድ ነው።

እንዲሁም የሚያስፈልገው የትምህርት ሚዛን ይለያል። ውድ ከሆነው ዘመናዊ ቬንቲሌተር ይልቅ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን በቱቦና በውኃ ጠርሙስ ግፊት የሚፈጥረው ቀላል ዘዴ፣ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ ሳንባ ነቀርሳ ትቶት የሚያልፈው ጠባሳ፣ በማገዶ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች፣ የኦክስጅን ማምረቻን መንከባከብና መብራት ሲጠፋ በእጅ ማስተንፈስ ሰፊውን ቦታ ሊይዙ ይገባል። እነዚህን ከአሜሪካ ተመርቆ የሄደ ባለሙያ ብቻውን ሊያስተምራቸው አይችልም፤ ከጎንደር፣ ከጅማና ከጥቁር አንበሳ መምህራን ጋር ተቀምጦ አብሮ ማዘጋጀት አለበት። በዴንቨርና በአውሮራ የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ በየቀኑ የደም ጋዝ ስለሚያነቡ፣ የከፍታውን ሠንጠረዥ በማዘጋጀት ሊጀምሩ የሚችሉት እነሱ ናቸው።